ላልተወለደ ሰው የተላኩ ሽማግሌዎች

ተወልዶ ለማያውቅ ሰው ሽማግሌ ተልኮብኝ ያውቃል። ሦስት ሆነው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከሱቄ ደጃፍ ቆመው፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም አሉኝ። የመጡለት ሰውዬ እኔው ከራሴ ያወጣሁት፣ እርሻውንም በሬዎቹንም የሰጠሁት የልብ ወለድ ባል ነበር። እዚያ እንዴት እንደደረስን ለመናገር ግን ከስልኮቹ መጀመር አለብኝ።

ወረታ ውስጥ፣ ከአንድ ሩዝ መፈልፈያ ጎን፣ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሳሙና፣ ሻማ፣ እስክሪብቶ እሸጣለሁ። በገበያ ቀን ደግሞ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። መብራት ካልገባበት ቀበሌ የሚመጣ ሰው ሩዙን ወይ ሽንኩርቱን ከማውረዱ በፊት ስልኩን እኔ ዘንድ ጥሎ ያልፋል፤ ሲመለስ ይወስዳል። እኔም መደርደሪያው ላይ በተርታ አስተኛቸዋለሁ። መፈልፈያው ሲነሣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ስልኮቹም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። የገለባው ብናኝ ስለሚያርፍባቸው በየጊዜው በጨርቅ እጠርጋቸዋለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። የማታ ትምህርት አንደኛ ክፍል ስገባ ከጎኔ የተቀመጠችውን ልጅ እኔ ልወልዳት እችል ነበር። ስለዘገየሁ ይሁን ተፈጥሮዬ፣ ፊደል ላይ ቸልታ አላውቅም። ማንበብ ከለመድሁ በኋላ ሳሙና የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ሳላነበው አይጣልም ነበር። ከዚያ መጻፍ መጣ። እየጻፍሁ ትራሴ ሥር ሳከማች ያየችኝ የእህቴ ልጅ፣ ኮሌጅ የምትማረዋ፣ "አክስቴ፣ ትራስ አያነብም" ብላ ስልኬ ላይ የጻፍሁትን ለሰው የምለቅቅበት ቻናል ከፈተችልኝ።

መጀመሪያ የለቀቅሁት ታሪክ ስለ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ነበር፤ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላት፣ መኪና የምትነዳ። አዲስ አበባን ያየሁት ለሕክምና ሄጄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልብ ወለድ የሚባለው ነገር ግን እዚያ ካልሆነ የማይሆን ይመስለኝ ነበር። በገበያ ቀን፣ መደርደሪያው በስልክ ሞልቶ፣ ጣቴን ጫን አድርጌ ለቀቅሁትና፣ የሚከተለኝ ሰው ስልክ ይጮኻል ተብዬ ነበርና፣ ጆሮዬን ጣልሁ። ስልኩ ሁሉ ጭጭ። ያነበቡት የእህቴ ልጅና በግድ ያስገባቻቸው ጓደኞቿ ነበሩ፤ እነሱም እስከ መጨረሻው አልሄዱም።

የእህቴ ልጅ የሥራውን ዘዴ ልታስተምረኝ ሞከረች። ትልልቆቹ ቻናሎች ላይክ ካልሞላ ቀጣዩ ክፍል አይለቀቅም እያሉ እንደሚያስፈራሩ፣ ቢላዋው ከተነሣ በኋላ ሳያርፍ እንደሚያቋርጡ፣ ከላይ የቆንጆ ልጅ ፎቶ እንደሚለጥፉ ነገረችኝ። አንባቢን እንደ ጥጃ አስሮ ማስራብ አልወደድሁትም። ከምክሯ ሁለቱን ብቻ ተቀበልሁ፦ ክፍሉ አጭር ይሁን፣ ቀኑ አይዛነፍ። ቀኑን ራሴ መረጥሁት። ገበያተኛው ኔትወርክ የሚያገኘው ወረታ ሲገባ ነው፤ ስልኩ የሚሞላውም እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ በገበያ ቀን ጠዋት ከለቀቅሁት፣ ሰውየው ታሪኩን ከጨውና ከሳሙናው ጋር ይዞ ይገባል፤ ኔትወርክ በሌለበት አገሩ ሳምንቱን ያነበዋል።

ሁለተኛውን ታሪክ እዚሁ አደረግሁት። ሩዝ የምታርም፣ ክረምት ሲገባ ቤቷ በውኃ የሚከበብ፣ እሷ ራሷ ልጆች ወልዳ ማታ ማታ ፊደል የምትማር የፎገራ ሴት ጻፍሁ። ባልም ሰጠኋት። ክፉ ባል መጻፍ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ደግ አደረግሁት። አርሶ የማይደክመው፣ የማይማታ፣ ጎርፍ በመጣ ጊዜ በሽተኛ ሚስቱን በጀርባው አዝሎ ያሻገረ።

በፎቶው ፋንታ ቀንዳም የፎገራ በሬ ያደረገ ሰው ሦስተኛው ክፍል ሥር "ከዚያስ?" ብሎ ጻፈልኝ። ከማላውቀው ሰው ያገኘሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ እየከፈትሁ አየሁት። ሳሙና የሚጠይቀኝን ሰው ሻማ ሰጥቼ አባረርሁ።

ከዚያ በኋላ የጻፈልኝን ሁሉ መለስሁለት፤ አንድ ቃል ለጻፈም፣ ለተሳደበም። የተሳሳተ ፊደል ካየሁ ክፍሉን አጥፍቼ እንደ ገና እለቅቀዋለሁ። ባለበሬው በዚህ ተማርሮ "እትዬ፣ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠራሽን፤ ሰው ሞተ?" አለኝ። አጨዳ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ አንድ ስልክ ጭው ማለት ጀመረ፣ ቆየት ብሎ ከወዲያኛው ጫፍ ሌላ። ገበያተኞች ፊቴ ቆመው በእኔ ሴት ይከራከሩ ነበር። እኔ ስልካቸውን ጠርጌ አቀብላለሁ። ጸሐፊዋ እኔ መሆኔን የምታውቀው የእህቴ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም ምስጢር አይበረክትላትም።

ነገሩ የተበላሸው በሳቁ ክፍል ነው። ባልየው ድግስ ላይ ሚስቱ ፊደል መማሯን ሊያሳይ ፈልጎ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ይሰጣትና ለእንግዶቹ እንድታነብ ያዝዛታል። እሷ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ስታነብ ይስቃል። እንግዶቹም ይስቃሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሴትዮዋ ልብሷን ቋጥራ እናቷ ቤት ትገባለች።

አንባቢዎቼ ተነሡብኝ። በሳቅ ትዳር ይፈርሳል ወይ? ያዘላት ጀርባ ተረሳ ወይ? መምህራኑም ባጃጅ ነጂዎቹም አንድ ሆኑ፤ ሴቶቹ ደግሞ ከሁሉ የባሱ ነበሩ። የተከታዮቼ ቁጥር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። በክረምት የርብን ወንዝ ሙላት በዓይናችን እየለካን ምሽቱን እንደምናልፍ፣ እኔም ያንን ቁጥር እያየሁ ዋልሁ። ባለበሬው "ካላስታረቅሻቸው እወጣለሁ፤ በሬዬንም ይዤ" ብሎ ጻፈ። የእህቴ ልጅም አንድ ክፍል ምን አላት፣ አስታርቂያቸውና ይለፍ፣ አንባቢ አንዴ ከሄደ አይመለስም አለችኝ።

ቀጣዩ ክፍል ተጽፎ አልቋል። ሴትዮዋ አትመለስም። ይህን ብለቅቅ ወደዚያ ጭጭ ወዳለው መደርደሪያ እንደምመለስ ገባኝ። ጭጭታውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የዕርቅ ክፍል ለመጻፍ ተቀመጥሁ። አማርኛው አማረ እንኳ። ሳነበው ግን ሴትዮዋ እኔ ለደንበኛ የምናገረውን ስትናገር አገኘኋት፦ እሺ፣ ግድ የለም፣ እንዳሉ። ትራሴ ሥር ወሸቅሁት፤ አላጠፋሁትም ግን። እውነቱን ለመናገር ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው። የላኳቸው የሠፈራችን ማኅበርተኛ ሴቶች ናቸው። ጠላቸውን እየጠጡ የአንዷ ልጅ ታሪኬን ጮክ ብላ ታነብላቸው ኖሯል፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ የማን መሆኑን ነግራቸዋለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የብዙዎቻችን የነፍስ አባት የሆኑ አረጋዊ ቄስ ናቸው። ሁለተኛው ከሱቄ ጀርባ የሚሠራው ሸማኔ፣ ሦስተኛው ሩዝ አምራች ጎረቤታችን። ከመፈልፈያው ሰው እየወጣ ሊያይ ተሰበሰበ።

ሩዝ አምራቹ ገበሬ ጀመረ። "ልጄ፣ ሰውየው ባለጌ አይደለም። ሲያርስ አይተነዋል፣ በጎርፉ ሲያሻግራት አይተነዋል። ራስሽ አስወደድሽን። አንድ ቀን ሳቀ፤ ሰው አይስቅም?"

ሸማኔው ከወደ ኋላ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ይውደቅ እንዳንል ሰውየውን ከየት እናመጣዋለን ሲል፣ ከመፈልፈያው የወጡት ሳቁ። እኔ ግን ከሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ሴት ነኝ። ሽማግሌን እምቢ ማለትም አገሬ ያላስተማረችኝ ነገር ነው። እጄን አጣምሬ ቆምሁ። ሽምግልና እንዴት እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ አባቴ ደጅ ላይ ስንቱ ሲታረቅ አይቼ ነው ያደግሁት።

"አባቶቼ" አልኋቸው፣ "ሽምግልና የሁለቱን ቃል ሰምቶ አይደለም? የሷን ቃል ሰምታችኋል?"

እርስ በርስ ተያዩ።

"አልተለቀቀማ" አለ ሸማኔው።

እንግዲያስ ይቀመጡና ይስሙ አልሁ። ገበሬው እሺ ሳትለን ብንቀመጥ ተሸነፍን ማለት ነው ብሎ አንገራገረ። ቄሱ ግን፣ ለእሺታ እንቆማለን፣ ቃል ለመስማት ግን ዳኛም ይቀመጣል ብለው የሩዝ ጆንያ ላይ ዐረፉ። ሁለቱም ተከተሏቸው።

ከማታ ትምህርት ወዲህ ሰው ፊት ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ስልኬን ከፈትሁ። የመፈልፈያው ጩኸት ይሸፍንልኛል ብዬ ስጀምር መብራት ሄደ፤ መፈልፈያው ዝም አለ። መንገዱ ሁሉ የሚሰማኝ መሰለኝ። ሴትዮዋ ለእናቷ የምትናገርበት ቦታ ስደርስ የራሴው ቃል አፌ ውስጥ ተሰነቀረ። ጻፍሁት እንጂ በአንደበቴ ብዬው አላውቅም ነበር። አንድ አንድ ፊደል እየለቀምሁ፣ እንደ አንደኛ ክፍሌ፣ ተወጣሁት። ማንም አልሳቀም። ሸማኔው መሬት መሬት አየ። ቀጠልሁ።

ሴትዮዋ ለእናቷ ያለችው ይህን ነበር፦ "ሳቁስ ያልፋል። እሱ ግን ሲስቅ፣ ሌላውም መሳቁን ለማየት ዞር ዞር አለ።"

ጨርሼ ስልኩን አጠፋሁ። ቄሱ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የራሳቸውን ነገር አወሩ። ልጅ ሆነው፣ ተማሪ ቤት፣ መምህራቸው ፊት ሲያነቡ አንድ ቃል ሳቱ፤ ጓደኞቻቸው ሳቁ፤ መምህሩም አብረው ሳቁ። ዛሬ አርጅተው፣ ያንኑ መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያነቡታል።

"ያቺን መሥመር" አሉ፣ "እስከ ዛሬ በጣቴ ይዤ ነው የማልፋት። ልጄ፣ ሴትዮዋ አትመለስ።"

ገበሬው ለላኩን ሴቶች ምን ልንል ነው ብሎ ተቆጣ። የሷን ቃል ሰማን እንላለና አለው ሸማኔው። ቄሱ መርቀውኝ ተነሡ። ገበሬው ከደጃፉ ተመልሶ፣ ይሁን፣ በሬዎቹን ግን ማን ያበላቸዋል ብሎ ጠየቀኝ። አላሰብሁበትም ነበር። በኋላ አንድ መሥመር ጨመርሁለት፤ ጎረቤት ታበላቸዋለች።

የዕርቁን ክፍል ያን ቀን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት።

በሚቀጥለው ገበያ መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። ማኅበርተኞቹ ሽማግሌዎቹን ይዘው ምን ሰማችሁ ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹም በየለቅሶ ቤቱና በየደጀ ሰላሙ ሲያወሩ ሰንብተዋል። ሰው ክፍሉን ለማንበብ ሳይሆን የተፈረደውን ለማጣራት ነበር የመጣው። ሌላውን እንደጻፍሁት ትቼ፣ ጣቴን ጫን አደረግሁና ለቀቅሁት።

መጀመሪያ አንዱ ስልክ ጭው አለ። ከዚያ ከጎኑ ያለው። ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከጥጉ፣ ከሳሙናው ኋላ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ ክረምት በገባ ምሽት የፎገራ እንቁራሪት እንደሚቀባበለው ሆነ። ጨርቄን ይዤ ቆምሁ። ደጅ ላይ ሽንኩርት የሚያወርድ ሰው ቀና ብሎ፣ ሁሉንም የሚደውልላቸው ማነው አለ።

እኔ ነኝ አልሁት። ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ቁጥሩ ወጣ፤ ከወረደበት አልፎ ወጣ። ሁሉም አልተስማማልኝም፣ እስከ ዛሬ የሚሰድበኝ አለ፤ የሚሰድበኝ ግን እያነበበ ነው። ባለበሬው ከሳምንት ቆይቶ ብቅ አለ። "ወጥቼ ነበር፤ በሬው መለሰኝ። ከዚያስ?" ብሎ ጻፈ።

ባለፈው በጋ ጉልበቴን አሞኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድሁ። እንፋሎቱ ውስጥ ፊት ከፊት አይለይም። አጠገቤ አንዲት የይፋግ ሴትና አንዲት ከሐሙሲት የመጣች ውኃው እስከ አንገታቸው ደርሶ ይሟገቱ ነበር። ክርክሩ በእኔ ሴትዮ መሆኑ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ፤ የይፋጓ ሴት ታሪኩን እንዳለ ገለባብጣዋለችና። የሠርጉን ካርድ የክስ መጥሪያ አድርጋዋለች። ጎርፉን በሳቁ ማግሥት አምጥታዋለች። አንዲት ፊደል ስታ ካየሁ ክፍሉን ሁሉ አጥፍቼ የምለቅቅ ሴት፣ አፌን ለማረም ከፍቼ ነበር።

"ባልየውማ" አለች የይፋጓ፣ "ኋላ ራሱ የማታ ትምህርት ገባ። ከፊት ወንበር ተቀመጠ፣ ከልጆቹ ጋር። መምህሩ ተነሥተህ አንብብ አለው።"

ይህን አልጻፍሁም። አስቤውም አላውቅም። ውኃውን በእጄ እየከፈልሁ ወደ እሷ ተጠጋሁ።

"ከዚያስ?" አልኋት።