እትዬ አስካለ ለልጅ ይሆናል ያሉት ፊልም

ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዋ ደወለችልኝ፤ የዘጠኝ ዓመቱ ልጇ ናቲ ከጓደኞቹ ጋር ቦሌ ሲኒማ ሊገባ ፈልጓል፣ ፊልሙ ለልጅ ይሆን እንደሆነ አይቼ እንድፈርድ ነው። እኔ መቼ ነው ዳኛ የሆንኩት? "እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አንቺ እይውና ወስኚ" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ናቲ ታብሌቱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነልኝና ማስታወቂያውን አየሁት፤ ጦርነት ነው፣ ምሽግ ነው፣ ከጭቃው ውስጥ የሞቱ ወታደሮች እየተነሱ ሰው ይበላሉ። እኔ በድንጋጤ ስጮህ እሱ በሳቅ ፍርስ አለ። "ኧረ እማማ፣ ፌክ ነው እኮ! ሜካፕ ነው!"

እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ተብያለሁ። ያኔ ሾላ ገበያ አጠገብ በምንኖርበት ሰፈር ቪዲዮ ዴክ የነበረው በጎረቤታችን በእትዬ አስካለ ቤት ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሰም የተቀባው ወለልና የካልሲያችን ሽታ በተቀላቀለበት ሳሎን ምንጣፉ ላይ ይኮለኮላል፣ እሳቸውም ዳንቴሉን ከዴኩ ላይ በክብር ገፈው ሶፋቸው ላይ ይሰየማሉ። ሳንሱሩም ዳኛውም እሳቸው ነበሩ። ወንድና ሴት ፊታቸውን ማቀራረብ ሲጀምሩ "እግዚኦ! ጨፍኑ!" ብለው ነጠላቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይወረውራሉ፤ አንገት ሲቀላ ግን ቆሏቸውን እየቆረጠሙ "አይዟችሁ፣ ድልህ ነው" ይሉናል።

አንድ እሑድ የመጣው ፊልም የናቲን የሚመስል ነበር፤ ሞተው የተነሱ፣ ፊታቸው አፈር የለበሰ ወታደሮች ወደየቤታቸው ተመልሰው በር ያንኳኳሉ። መሳሳም የለበትማ! ስለዚህ ለልጅ ይሆናል ተብሎ ተፈረደ። ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ገና ስድስት ዓመቱ ነው፣ አባታችን ደግሞ የጦር ሠራዊት ሾፌር ሆኖ ሰሜን ግንባር ነበር። ይህ ለእትዬ አስካለ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እናቴን ባገኟት ቁጥር "ከግንባር ወሬ አለ?" የሚሏት እሳቸው ነበሩ። ግን ማን ያስባል! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ብዙም ሳይቆይ አባታችን ፈቃድ አግኝቶ መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ በሩን አንኳኳ። እናቴ እልል ስትል፣ እኔ አንገቱ ላይ ስጠመጠም፣ ሰሎሞን አንድ ጊዜ አየውና "ሞቶ ነው! ሞቶ ነው የመጣው!" እያለ አልጋ ሥር ገባ። አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። በከረሜላ አባበለው፣ ተንበርክኮ እያቆላመጠ ጠራው፣ ታጥቦና ተላጭቶም ሞከረ፤ ልጁ ግን ገና ድምፁን ሲሰማ ተመልሶ አልጋው ሥር ይወሸቃል። በኋላ አባቴ መሳቁን ተወ። ፈቃዱ ያለቀ ዕለት አልጋው ፊት ለፊት ትንሽ ቆሞ ቆየና፣ አንድ ልጁን ብቻ ስሞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የመጣው መርዶው ነው።

እትዬ አስካለ ለቅሶው ላይ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ደግ ሴት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ቅንጣት ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ናቲን አይሆንም አልኩት። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ቁጥር አሳየኝ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እንደሚገቡ ማለልኝ፣ ሲያቅተው በሩን ድርግም አድርጎ ክፍሉ ገባ። ያኩርፍ! እናቱም ደውላ "እማዬ ደግሞ፣ አታካብጂ" አለችኝ። አካብዳለሁ፣ ምን ታመጣለች?

ሰሎሞን ዛሬ ሸብቷል፣ የልጆች አባት ሆኗል። አባታችንን አንስተን ስንጫወት እኔ ጎርናና ድምፁን፣ ሲስመኝ ጉንጬን የሚወጋኝን ጢሙን፣ የሸሚዙን የቤንዚን ሽታ እያነሳሁ አወራለሁ። እሱ ከአባታችን የሚያስታውሰው፣ አልጋ ሥር ተኝቶ ያያቸውን ሁለት ቦት ጫማዎች ብቻ ነው።