አሮጊቷ አልነሳም አላለችም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ስድቤንና ስካሬን ስዘረዝር፣ ይህችን ብቻ ጉሮሮዬ ላይ አስቀርቼ ተነስቻለሁ። ቡታጅራ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ በቀልዴ ነው የሚያውቀኝ። አንተ የምታነበኝ፣ ዛሬ አትሳቅልኝ።

የከተማው አውቶቡሶች ሲበላሹ ደርሶ የሚያነሳ የጎታች መኪና ሹፌር ነበርኩ። መጀመሪያ ዘመን አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋ ነበር፤ ቀጥሎ ገመድ አስሮ በሌላ አውቶቡስ መጎተት መጣ። ኋላ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ላይ መንጠቆ በየድንባት፣ ትልቁን ክሪክ ጫንንባት፣ “አሮጊቷ” አልናት። ዛሬማ መብራቱ የሚሽከረከር አዲስ መጥቷል። ያኔ ግን እንሴኖ መንገድ ላይ የቆመ ሹፌር ተስፋው አሮጊቷና እኔ ነበርን። ተስፋ አይሉኝ ተስፋ!

መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው እንሴኖ ገበያ ሰንጋ ገዛሁ። መስቃን ውስጥ ያለው የአገሬ ሰው ሰንጋውን በእግሩ እየነዳ ነው የሚያስገባው። እኔን ግን በሬዬ በመኪና ሲገባ ጎረቤት እንዲያይልኝ አማረኝ። አሮጊቷ ላይ ጫንኩት። በሬው ከላይ ቆሞ ሕዝቡን እንደ ሹም እየገላመጠ፣ እኔ ከታች ክላክስ እያደረግኩ ገባን። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሁለታችን በሬው ማን እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

በሬውን ቤት አውርጄ ስመለስ አንድ ባለጋሪ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

“ጋሼ፣ የወልዴ አውቶቡስ እንሴኖ መንገድ ላይ ቆሟል። ትልቁን ክሪክ ይዞ ቶሎ ይድረስልኝ ብሏል፤ የበዓል መንገደኛ እየጮኸበት ነው!”

ወልዴ አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። ሄድኩ? አልሄድኩም። የመኪናዋ ጀርባ እበት በእበት ነበር። ተሳፋሪው አይቶ ለአለቃ ያወራብኛል ብዬ ወንዝ ወረድኩ። አጠብኩ። በሣር ፈተግኩ፣ በአሸዋ ፈተግኩ፣ ደግሜ አጠብኩ። እያፏጨሁ! ማንም አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ ያጠብኩት።

ወልዴ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው፣ በራሱ ትንሽ ክሪክ አውቶቡሱን አንስቶ ሥሩ ገባ። የመስከረም መሬት ገና ጭቃ ነው። ክሪኩ ሰመጠ። ስደርስ ግራር ሥር ነጠላ አንጥፈው አስተኝተውታል። ቀኝ እግሩን ማየት አልቻልኩም።

“ምነው አበልጄ፣ ቆየህብኝ?” አለኝ።

“አሮጊቷ አልነሳም አለችኝ” አልኩት። እጄ ገና ከወንዙ ውሃ አልደረቀም ነበር።

እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሹፌርነቱ ቀረና የጋራዡ ዘበኛ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አሮጊቷን በክራንቹ ኳ! ያደርጋታል። “አንቺ ከሃዲ! ዛሬ ስነዳ በዋልኩ ነበር!” ሰው ይስቃል። እኔም “በላት፣ ይገባታል!” እያልኩ ስቄያለሁ። አዎ፣ እኔ። መስቀል በመጣ ቁጥር ደግሞ ቤቱ ይጠራኝና የመጀመሪያዋን የክትፎ ጉርሻ ለእኔ ያጎርሳል፤ “ሐኪም ቤት ባታደርሰኝ ሞቼ ነበር” እያለ። እንዴት ዋጥኩት? ዋጥኩት።

ባለፈው ክረምት አሮጊቷን ለቁርጥራጭ ብረት ሊወስዷት መጡ። ወልዴ ታሞ ነበር፤ ሰው ደግፎት መጣ። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሊመታት ነው ስል፣ መዳፉን በሯ ላይ አሳረፈ።

“በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ” አላት። “አርጅተሽ ነው እንጂ አውቀሽ አይደለም።”

አፌን ከፈትኩ። አሁን ልናገር ነው አልኩ። የወጣው ግን ቀልድ ነው፦ “ተዋት ባክህ፣ ጆሮዋን ፈተው ከሸጡት ቆይቷል!” ወልዴ እስኪያስለው ሳቀ። በሳምንቱ ቀበርነው።

ይቅርታው አጠገቤ አልፎ ብረት ላይ አረፈ። አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ እግሩ ያንተ አልነበረም። እኔን ተወኝ። የአሮጊቷ ስም ግን ይንጻልኝ፦ ያን ቀን በመጀመሪያው ቁልፍ ነው የተነሳችው።