የፀዳለ ሃይፖተሲስ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ሐይቁ ዳር ለእንግዳ የሚሸጠውን፣ ክንድ የማይሞላ የደንገል ታንኳ ገዝታልኝ መጣችና ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠችው። መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ኖሮ ቤቱ ወዲያው በእርጥብ ደንገል ሽታ ተሞላ፤ ግማሹ ሣር ግማሹ ዓሣ የሚሸት፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው የማይስተው ሽታ። ልጅቱ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። እኔ ግን አርባ ዓመት ያለፈው ቅናት ተነሣብኝ። “ያች ፀዳለ!” አልሁ ብቻዬን። በዚህ ዕድሜዬም ስሟን በደህና አፍ መጥራት አልሆነልኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በታንኳ ተሻግረው ደሴት ላይ ባለች ደብር እስከ እሁድ ያገለግላሉ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር “ጓድ መሪጌታ” እያለ የእሁዱን ስብሰባ ከቅዳሴው ጋር ሲያጋጭባቸው ፊታቸውን አዙረው ያማትባሉ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ግቢያችን ካለው ዋርካ ሥር ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ያስተምራሉ። እኔ ሴት ልጃቸው ነኝና ድርሻዬ ለተማሪዎቹ ውሃ ማቅረብ ነበር። ዕቃ የማጥብ መስዬ አንድ ቃል ሲገለበጥ፣ ሲፈታ፣ ሲመረመር አዳምጣለሁ፤ አንድ ቀን ዘወር ብለው “አንችስ ምን ትያለሽ?” እንዲሉኝ እጠብቃለሁ። አላሉኝም።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። የሳይንስ አስተማሪያችን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ “ሃይፖተሲስ” የሚል ቃል ጻፈና ትርጉሙን አስገለበጠን። እኔ ትምህርት ማለት በቃል መያዝ ነው ብዬ ያደግሁ የመሪጌታ ልጅ፣ ያንን ሁለት መስመር እንግሊዝኛ እንደ ውዳሴ ማርያም ደጋግሜ አንድ ፊደል ሳላዛንፍ ሸመደድሁት፤ ሳላስበው ዜማም አበጀሁለት። ይኸኛው ቃል እንኳ ያስጠራኛል ብዬ ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ መጥቼ ዋርካው ሥር ለአባቴ አነበነብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

“ድምፁስ ደግ ነው፤ ግና ምን ይሠራል?” አሉኝ።

ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ደግሜ አነበነብሁት።

ወንፊት ልትዋስ የመጣችው ፀዳለ ይህን ጊዜ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ የፋብሪካ መካኒክ ሆነው ከድሬዳዋ ተዛውረው የመጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እሷም በክፍል ከጎኔ የምትቀመጥ፣ ደብተሯን በጋዜጣ የምትለብድ፣ ሲጠይቋት የማታፍር ልጅ ነች።

“ይቅርታ የኔታ” አለች። ማን “የኔታ በያቸው” አላት! እንዲያ የሚሏቸው ተማሪዎቻቸው ብቻ ናቸው። “ሃይፖተሲስ መላ መምታት ነው። ግን መትቶ ዝም አይባልም፤ የሚፈተንበትንም አብሮ ማሰናዳት ነው።”

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። “ለምሳሌ?”

“የእርስዎ ታንኳ ቶሎ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። የኔ ሃይፖተሲስ፣ ውሃው የሚገባው ደንገሉ በተቆረጠበት አፍ ነው የሚል ነው። አፉን በጧፍ ሰም ብንደፍነው ብዙ ቀን ይንሳፈፋል።”

አባቴ ከት ብለው ሳቁና መደቡ ላይ ጠጋ አሉ። “ቁጭ በይ” አሏት። ተማሪዎቻቸው በሚቀመጡበት በዚያ መደብ ላይ ሴት ተቀምጣ አይቼ አላውቅም። ውሃ ለሷም ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ጣሳውን ስሰጣት ግማሹን ቀሚሷ ላይ አፈሰስሁት።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ሥራ ሌላ ሆነ። አባቴ የጧፍ ቁራጭ እየለቀሙ ያመጣሉ፣ እሷ ታቀልጣለች። እኩል የሆኑ ሁለት እስር ደንገሎች አዘጋጁ፤ የአንደኛውን አፍ በሁለቱም በኩል በሰም ደፈኑት፣ ሁለተኛውን እንዳለ ተዉት፣ በሁለቱም ላይ እኩል ድንጋይ አሰሩ። ውሃ የተሞላ በርሜልም ግቢው መሀል ቆመ። ሰሙ እስኪደርቅ ብለው ለምሳ ሲገቡ እናቴ ሞሰብ የምትሰፋበትን ወስፌ ከስፌቷ መካከል አንሥቼ ወጣሁ፤ በሰም የተደፈነውን እስር ገልብጬ ሆዱን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወጋሁት። እያንዳንዱን ስወጋ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ምን ያስዋሸኛል።

በሦስተኛው ቀን ሰም የተቀባው ሰጠመ። እንዲሁ የተተወው ገና ጫፉን ብቅ አድርጎ ይንሳፈፍ ነበር። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔም ልቤ ሞላ። ፀዳለ ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ አየችና ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ “የኔታ፣ ተሳስቻለሁ” አለች። አላፈረችም፣ ድምፅዋም አልተሰበረም። “ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ።”

አባቴ ይስቁባታል ብዬ ስጠብቅ ከመደቡ ተነሡላት። ለጳጳስ እንጂ ለሰው ሲነሡ አይቼ የማላውቅ አባቴ! “ቅኔው ሲነቀፍበት እንዲህ የሚቀበል ደቀ መዝሙር ገጥሞኝ አያውቅም” አሉና ከዚያ ቀን ጀምረው አባቷ ተዛውረው እስኪሄዱ ድረስ ቅኔ አስተማሯት።

እኔ በርሜሉ አጠገብ እንደቆምሁ ቀረሁ። የወጋሁት ነው ቀድሞ የሰጠመው። ስለዚህ ውሃ በቀዳዳ ይገባል፣ ቀዳዳው ቢደፈን አይገባም ማለት ነው፤ ፀዳለ ልክ ነበረች፣ ያረጋገጥሁላትም እኔ ነኝ። ያ ቃል ምን እንደሚሠራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ገብቶኝም ለማንም ልናገረው አልችልም።

አባቴ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን በታንኳ ተመላለሱ። ውሃ ያዘለውን ደንገል ከዳር ሲጎትቱ ወገባቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ሰም ቀብተው እንዲሞክሩ ቢመክራቸው “ተፈትኖ ወድቋል” ብለው ሲመልሱለት አጠገባቸው ነበርሁ። አልፎ አልፎ “ያች ልጅ የት ደርሳ ይሆን?” ይሉኛል። እኔ እንጃ እላለሁ።

በመጨረሻው ሕመማቸው ሦስት ወር ያስታመምኋቸው እኔ ነኝ። ዛሬ የምቀናባት በተማረችው ቅኔ አይደለም፣ አባቴ ስለተነሡላትም አይደለም፤ “ተሳስቻለሁ” የምትለዋን አንዲት ቃል በፊታቸው ቆማ ስላለቻት ነው። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ሆነን ሳለ “አባባ” አልኋቸው። “አቤት ልጄ” አሉኝ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ጠበቁኝ። ትራሳቸውን አስተካክዬላቸው ወጣሁ።