ዶሮዋ የታቀፈቻት ኳስ

ጎልፍ ከብት የሌላቸው ሰዎች ዱላ ይዘው መስክ ለመስክ የሚዞሩበት ጨዋታ ነው እያልኩ ባልደረባዬን አበሽቀዋለሁ። እሱ ገና ጀማሪ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ካላስተማርኩ ይላል። ትናንት አንዲት ነጭ ኳስ መዳፌ ላይ አኖረና፣ «እነዚህ ጎድጎድ ያሉት ነገሮች ባይኖሩ ርቃ አትበርም ነበር፤ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ኳሷን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኳት።

ልጅ ሳለሁ ቴፒ፣ አባቴ ከሚሠራበት የቡና እርሻ አንድ የውጭ ባለሙያ ሲለቅ ጥሏት የሄደውን እንዲህ ያለች ኳስ አምጥቶልን ነበር። እናቴ የዶሯችንን እንቁላል ስታነሳ፣ ዶሮዋ ሌላ ቦታ ሄዳ እንዳትጥል ብላ ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ ተካችላት። ዶሮዋ ግን ታቀፈቻት።

በዚያው ሰሞን እናቴ ልትወልድ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ሄዳ ብቻዋን ተመለሰች። ስለ ሕፃኑ ማንም አልነገረኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ «እማዬ፣ ይቺ ጅል ዶሮ! እንቁላል አይደለም በያት እንጂ!» ብዬ እየሳቅሁ ኳሷን ልወስድ እጄን ሰደድኩ። እናቴ እጄን ያዘችው። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል፤ ከቤት ግን አልወጣችም ነበር።

«ታውቃለች» አለችኝ። «ገላዋ አልሰማ ብሏት ነው። ተያት፣ ልጄ።»

ባልደረባዬ ኳሷን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። መዳፌ ውስጥ ሞቃ ነበር። አልሰጠሁትም።