በሩ የተዘጋው መጋዘን

ዮጋ የጀመርኩት ወገቤ ስለከዳኝ ነው። እኔ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኬብል እየገዛሁ፣ ውስጡ ያለውን መዳብ አውጥቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቅል ሽቦ ስሸከምና ሳወርድ ኖሬ አንድ ቀን ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ሐኪሙ ኪኒን ከጻፈልኝ በኋላ “ሰውነትዎን ማፍታታት አለብዎት” ብሎ ዮጋ እንድሞክር መከረኝ። ጎረቤቶቼ በሳቅ ሞቱ። “ሀብታም ሆነህ የለ” ያለም አለ፤ “ሃይማኖትህን ልትቀይር ነው?” ያለም አለ።

ትምህርቱ አብነት አካባቢ፣ ከምሠራበት ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አስተማሪዋ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ከመተጣጠፉ ይልቅ የከበደኝ ዝም ብሎ መተንፈሱ ነው። “የምታስገቡት አየር የእናንተ ብቻ አይደለም፤ እናንተ ያወጣችሁትን ሌላው ያስገባዋል” ትላለች። መጀመሪያ የሥራ ፈት ወሬ መስሎኝ ነበር። ከወር በኋላ ግን እስከ ዛሬ አፍንጫ አልነበረኝም እንዴ እስክል ድረስ ሁሉ ነገር ይሸተኝ ጀመር፦ የቦዩ፣ የናፍጣው፣ ዝናብ ያበሰበሰው የቆሻሻ ክምር። ከታክሲ መስኮት ፌስታል የሚወረውር ሰው ሳይ እቆጣለሁ። አንዴ ከአንድ ወያላ ጋር በዚሁ ልጣላ ነበር።

አንድ ጠዋት ዓይናችንን ጨፍነን ሳለን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሰዉ በሳል ተያያዘ። አስተማሪዋ “እነዚህ ሰዎች ግን ኅሊና የላቸውም?” እያለች መስኮቱን ልትዘጋ ስትነሣ ቀደምኳት። ቁልቁል ሳይ፣ ጥቁሩ ጭስ የሚወጣው ከእኔ ግቢ ነው። የቆርቆሮ አጥሩን ሰማያዊ የቀባሁት ራሴ ስለሆንኩ አልተሳሳትኩም። መስኮቱን ዘግቼ ወደ ምንጣፌ ተመለስኩ።

በግቢዬ ኬብሉን የሚያቃጥሉት አንዲት እናት ነበሩ። በአባቴ ጊዜ ጀምረው የሠሩ፣ በልጅነቴ ንፍጤን የጠረጉልኝ ሴት ናቸው። ክምሩን ይለኩሳሉ፤ ፕላስቲኩ ነድዶ ሲያልቅ መዳቡን ከአመዱ ይለቅማሉ። በቢላ መላጥም ይቻላል፤ ግን እሳት በአንድ ጠዋት የሚጨርሰውን ቢላ ሳምንት ይፈጅበታል፤ ገዢ ደግሞ አይጠብቅም። ያስላሉ። ሳላቸውን ዓመታት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖሬአለሁ።

ያን ቀን ከዮጋ እንደ ተመለስኩ፣ “እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውጭ ማቃጠል ይቅር” አልኳቸው።

“ታዲያ የት ላቃጥለው?”

“መጋዘኑ ውስጥ። በሩን ይዝጉት። ጭሱ እኮ ሰፈሩን በከለው፤ ሰው እየታፈነ ነው።”

“አንተ ካልክ እኔ ምን ቸገረኝ” አሉኝ።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታክል ክፍተት ነበረች፤ እሷንም በጆንያ ወተፍኳት። እንግዲህ አካባቢ የጠበቅኩት እንዲህ ነው። በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ላይ አየሩ ንጹሕ ሆነ፤ አስተማሪዋ “ዛሬ ደስ ይላል” ስትል፣ ምን እደብቃለሁ፣ ኮራሁ። ለጎረቤቶቼ ስለ አየር እሰብክ ጀመር። ያን ጊዜ የነበርኩትን ሰውዬ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው በጥፊ ነበር የምለው።

ክረምቱ ሳይወጣ እትዬ ከታክሲ ወርደው ግቢው እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ የሚቀመጡ ሆኑ። “እርጅና ነው” አሉኝ። እኔም እርጅና ነው አልኩ፤ መስማማቱ ይቀል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚዛን ልወስድ መጋዘኑን ከፍቼ ገባሁ። ጭሱ ዓይኔን አሳወረኝ። ስለ ትንፋሽ የተማርኩት ሁሉ አሥር እርምጃ እንኳ አላስኬደኝም። እሳቸው ግድግዳው ሥር፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው፣ ወድቀው አገኘኋቸው። ተሸክሜ አወጣኋቸው፤ ከአንድ ጥቅል ሽቦ ይቀሉ ነበር። አየር የጋራ ነው ስትለን የከረመችው አስተማሪ እኚህንም ሴት ጨምራ ነበር። እኔ ግን ትምህርቱን የሰማሁት እስከ መስኮቱ ድረስ ብቻ ነው።

ሐኪሞቹ ሳንባቸው እንዳለቀ ነገሩኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው መንገዱን ሙሉ እየተለማመድኩ ሆስፒታል ሄድኩ። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላቸዋል። ገና አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

“በሩን አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም” አሉ፣ በየቃሉ መሀል እያረፉ። “ሲጨንቀኝም አልከፈትኩት። ሰው እንዳይታፈን ብለኸኛላ።”

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ያስለቀሰኝ የሥራው መቆም መሰላቸው።

“አይዞህ፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ” አሉኝ። “ብቻ ቦታዬን ለሰው እንዳትሰጥብኝ።”

“እሺ፣ እትዬ።”

በሦስተኛው ቀን ቀበርናቸው። ቦታቸውን ለማንም አልሰጠሁም። ኬብሉን ደጅ ቁጭ ብዬ፣ በቢላ፣ አንድ በአንድ የምልጠው እኔው ነኝ።