ሽጉጤን የሚከለክለውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ

ሽጉጥ የታጠቅኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ ወጥቼ የገዛሁትን ዕቃ መኪና ውስጥ ሳስገባ፣ አንድ ሰውዬ ከኋላዬ መጥቶ በሩን ያዘና ቁልፉን አምጪ አለኝ። በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰጠሁት። መኪናዋ ከሦስት ቀን በኋላ ተገኘች፤ እኔ ግን ለወራት ፓርኪንግ ውስጥ ብቻዬን መቆም አቃተኝ። ሥራዬ ደግሞ ከፓርኪንግ ወደ ፓርኪንግ ነው። ከቤት የማይወጡ አረጋውያንን እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። በቀን አምስት ቤት እገባለሁ።

ስለዚህ የሽጉጥ ፈቃድ ኮርስ ተመዘገብኩ። አስተማሪዋ ጡረታ የወጣች ፖሊስ ነበረች፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ኮርሱ በተሰጠበት ቅዳሜ ስለ መተኮስ ያወራችን ጥቂት ነው። የቀረውን ጊዜ ያስተማረችን ስለ ሕጉና ስላለመተኮስ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቢሰድባችሁ ዋጥ አድርጉት" አለችን። "የታጠቀ ሰው የመጣላት መብት የለውም።" ከዚያ ዒላማ ተኩሼ አለፍኩ። ፈቃዱ ከሸሪፉ ቢሮ በፖስታ መጣልኝ፤ ሽጉጡን ገዝቼ ወገቤ ላይ በአፎቱ ካሰርኩት በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትከሻዬ ተቃና። ፓርኪንግ ውስጥ እንደ ድሮዬ መቆም ጀመርኩ።

መታጠቄን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሥራ ጓደኛዬ። ኦሮሞ ናት፣ ሮዝቪል ከተማ ጎረቤቴ ናት፣ ምንም ነገር አልደብቃትም።

"አቦ፣ አሁን አንቺ ሰው ልትገድዪ ነው?" አለችኝ።

"ላለመሞት ነው።"

"እሺ። እኔ ግን ማየት አልፈልግም።"

አላሳየኋትም።

እሑድ እሑድ እሷ ከጸሎት ቤቷ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ፊሊፕስ ሰፈር የሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ምሳ እንበላ ነበር። ባለቤቱ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኛ ከብዙዎቻችን ይጠራል። ቤቱ ቢራና ወይን ይሸጣል። በሚኒሶታ ሕግ ፈቃድ ያለው ሰው መጠጥ የሚሸጥበት ምግብ ቤት ታጥቆ መግባት ይችላል፤ ቤቱ ካልከለከለው በቀር። ትንሽ ቢጠጣም ሕጉ ይታገሰዋል፤ መጠኑ መኪና ለሚነዳ ሰው ከሚፈቀደው ግማሽ ነው። እኔ ግን ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ከዚያ የጠበቀ ነበር፤ ወገቤ ላይ ካለ አንድ ጉንጭም አልቀምስም። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ለስላሳ ስጠጣ ሰው ሁሉ ጾመኛ አድርጎ ቆጥሮኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከደንበኞቹ አንዱ እናቱ አገር ቤት ሞተው፣ ለቀብር ሳይደርስ ቀርቶ ሐዘን ላይ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የእኔንም ቤት ምድጃ አንዴ በነጻ ጠግኖልኛል። የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ነው የዋለው። ለቤቱ ሰው ሁሉ ቢራ አዘዘና በእናቴ ስም ጠጡልኝ አለ። ሁሉም ጠጣ። የእኔ ብርጭቆ እንደተቀዳ ቀረ። አይቶት ወደ ጠረጴዛችን መጣ።

"እህቴ፣ ምነው?"

"ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ ግን አልጠጣም፤ ይቅርታ።"

"እናቴን ናቅሻት?"

"እንዴት እንቃቸዋለሁ? አንተንም አልናቅሁህም። መጠጣት ስለማልችል ነው።"

"በሽተኛ ነሽ?"

ጓደኛዬ ልትመልስለት ስትል ጉልበቷን በእጄ ጫን አደረግኩት። ሰውዬው ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ተነሺና አብረን እንጠጣ እያለ ክንዴን ይዞ ሊያነሳኝ ሲሞክር ተደናቀፈ፤ እንዳይወድቅ ወገቤን ያዘ። እጁ ጃኬቴ ላይ አረፈና እዚያው ቆመ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

"ሽጉጥ" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሰው ዞሮ ጮክ አለ፦ "ይቺ ሴትዮ ሽጉጥ ይዛለች።"

ወሬው ሁሉ ተቋረጠ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ስትስብ ታየኝ። ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኩ። መፍራት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ ልቤ ግን እንደዚያ ቀን ተረጋግቶ አያውቅም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ፣ ይበልጡንም ምን ማድረግ እንደሌለብኝ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ሽማግሌው ከባንኮኒው ጀርባ ሲወጡ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ፈቃድ አለኝ። ሕጋዊ ነኝ። ውጪ ካሉኝ ግን አሁኑኑ እወጣለሁ።"

አዩኝ፤ ከዚያ ሰውዬውን አዩት።

"አንቺ ቁጭ በይ። አንተ ና ከእኔ ጋር።"

ትከሻውን አቅፈው ወደ ጓዳ ወሰዱት። ሲያለቅስ ይሰማን ነበር። ከቆይታ በኋላ ብቻቸውን ተመልሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ስንት ጊዜ ይዘሽው መጥተሻል?"

"ሁልጊዜ፣ ጋሼ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"አዎ።"

ከመቆጣት ይልቅ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ስለ ሮበርት ጎዳናው ሰውዬ ነገርኳቸው፤ አንዴም ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

"እኔ በወጣትነቴ ጠመንጃ አቅፌ ነው የተኛሁት" አሉ። "ይዘሽ መዞርሽ አይገርመኝም። ምክንያት አለሽ። ይህን ቤት የከፈትኩት ግን ሰው ባዶ እጁን ቁጭ ብሎ እንዲበላ ነው። እኔ ቢራ እሸጣለሁ፤ ዛሬ እሱ የያዘው ወገብ የሌላ ሰው ቢሆንስ? ያንቺን ያህል ትዕግሥት የሌለው ሰው ቢሆንስ?"

መልስ ነበረኝ። የራሳችን ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ዘረፋ ሲደርስ ፖሊስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ልነግራቸው እችል ነበር። ግን በቤታቸው ጌታው እሳቸው ናቸው፤ የጠየቁኝም በክብር ነው። "ከእንግዲህ እዚህ ይዤው አልገባም" አልኳቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ሽጉጡን መኪናው ውስጥ በብረት ሣጥን ቆልፌበት መጣሁ። በሩ ላይ በደብተር ወረቀት የተሣለ ሽጉጥ ተለጥፏል፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ሥዕሉን ላየው ሰው ሽጉጡ የውሻ እግር ይመስላል።

"ጋሼ፣ ይህ አያዋጣም" አልኳቸው።

"ለምን?"

"ሕጉ ቃሉን ራሱ ወስኖታል። የፊደሉን ቁመት፣ የወረቀቱን ስፋት፣ ከበሩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ሳይቀር። ይህን አይቶ የገባ ሰው አላወቅኩም ማለት ይችላል።"

ትኩር ብለው አዩኝ። "አንቺ ነሽ ይህን የምትነግሪኝ?"

"ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። እኔ ላሠራልዎት።"

ማተሚያ ቤት ሄጄ ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ አሠራሁት፤ በሜትር ለክቼ ራሴ ለጠፍኩት። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆማ ስቃ ልትሞት ነው።

"ራስሽን የሚያባርር ወረቀት ትለጥፊያለሽ?"

"የምለጥፈው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው። ከምታወሪ ያዢልኝ።"

ኤሌክትሪሺያኑ ከወር በኋላ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጃኬቴን ለምን እንደማላወልቅ ሁልጊዜ ይገርመው እንደነበርም ነገረኝ። ሌላ ምግብ ቤት ስገባ ማስታወቂያ ከሌለ አሁንም ታጥቄ እገባለሁ፣ አሁንም አልጠጣም፣ አሁንም ግራ ቀኙን አይቼ እቀመጣለሁ። በሁለቱም አላፍርም። መታጠቄም ልክ ነበር፤ እዚያ ቤት መፍታቴም ልክ ነው።

ሽማግሌው አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ በስንት ጊዜ ነው የምታጸጂው?" አሉኝ።

"በየወሩ። ፈትቼ ዘይት እቀባዋለሁ።"

"ዘይቱን ታበዢዋለሽ?"

"ደህና አድርጌ ነው የምቀባው።"

"ስህተት ነው። አቧራ ይሰበስብብሻል። አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መወልወል።"

ቤቴ ገብቼ ፈትቼ አየሁት። እውነታቸውን ነበር።