በኪስ ስልክ ልጅ አይዳርም

እንጭኒ ከተማ ባለው ቤታችን ሳሎን፣ ዳንቴል በለበሰች ጠረጴዛ ላይ፣ አንቴናው የቆመ ዋየርለስ ስልክ ነበረን። አባቴ እሱ ካልፈቀደ አቧራውን እንኳ አያስነካም። የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ከአምቦ ሲመጡም በኩራት ወደ ስልኩ እያመለከተ፣ «ቤተ ዘመድ ይምከርበትና መልሱን በዚሁ እደውልላችኋለሁ» አላቸው።

መልሱ እሺታ መሆኑን እናቴ ሹክ ብላኛለች። ምን ዋጋ አለው! በዚያው ሰሞን የድሮው ኔትወርክ ተዘጋና ዋየርለሱ ዲዳ ሆነ። ሞባይል ለያዝነው ምንም አልጎደለብንም። አባቴ ግን ማለዳ ማለዳ እጀታውን አንስቶ ያዳምጥና «ነገ ይመለሳል» ይላል።

ሞባይሌን ሰጠሁት። በዓይኑ ገረፍ አደረጋትና፣ «ልጄን ከሳንቲምና ከመሀረብ ጋር በሚዞር ነገር ልዳር? ሰው ሽንት ቤት ይዞት በሚገባ ነገር? አይደረግም!» አለ። ሌላ ጊዜ ግትርነቱ ያስቀኛል፤ ያን ሰሞን ግን አንገበገበኝ።

እጮኛዬ በየቀኑ እየደወለ «አባትሽ እምቢ አሉ እንዴ?» ይለኛል። አባት ሳይናገር ሴት ልጅ ከቀደመች ነውር ነውና «ታገስ» ከማለት ሌላ ምን ልበለው? በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ «ዝምታም መልስ ነው፤ ሌላ በር እናንኳኳ» ማለታቸውን ነገረኝ። እያለቀስኩ እናቴ ዘንድ ሮጥኩ።

እናቴ መላ አታጣም። ዋየርለሱን አንስታ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። በቦታው፣ ዳንቴሉ መሀል ላይ፣ ሞባይሌን አስቀመጠችና «በል፣ ይኸው የቤት ስልክ» አለችው።

አባቴ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ኮቱን ለበሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደሆኑት የእጮኛዬ አጎት ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩለት። አባቴም ሞባይሏን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ ጮኸ፦ «ኦቦ! አካም ጅርቱ፣ ደህና ናችሁ? ቤተ ዘመድ ተስማምቷል፤ ልጃችንን ሰጥተናል!»

ከወዲያ የመጣው እልልታ ሳሎናችንን ሞላው። እናቴም ተቀበለቻቸው። እኔ ይሉኝታዬን ረስቼ ጓዳ ውስጥ ዘለልኩ።

ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ አባቴ ሞባይሏን በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ለእኔም እንዲህ ያለ ይገዛልኝ። አምቦ ስትሄጂ አንቺን ለማግኘት የትኛውን ነው የምጫነው?»

አረንጓዴዋን አሳየሁት። ደስታዬ ሳያልቅ ናፍቆቱ ጀመረኝ።